የሠላሳ ቀን ደንብ

«እዚህ ላይ ወረቀት ነበረ፤ የት ሄደ?» አለች ነርሷ፣ የማቀዝቀዣውን በር በመዳፏ እየዳበሰች።

መስታወት ቆራጩ ጀርባውን ሰጥቷት ብርጭቆ ያጥብ ነበር። ያጥብ ነበር ለማለት ያህል ነው እንጂ፣ ቧንቧውን ከፍቶ እጁን ከሥሩ ዘርግቶ መቆሙ ነበር። ሚስቱ ትናንት ተቀብራለች። ዕድር ስለሌላቸው ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተዋሱት ወንበር ተጨናንቋል፤ ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ያለቅሳል፣ ከፔርሙዝ ሻይ ይቀዳለታል፣ ከዚያ ከጎኑ ካለው ጋር ስለ ኑሮ ውድነት ያንሾካሹካል። ምን ይደረግ፣ ሐዘን ቤትም ቢሆን ሰው ሰው ነው።

«የቱ ወረቀት፣ እትዬ?»

«ያ ልትገዙ ያሰባችሁትን የምትጽፉበት። አራቱ ማግኔቶች አሉ፤ ወረቀቱ ግን የለም።»

«ሰው ሲበዛ ወድቆ፣ ከቆሻሻ ጋር ተጠርጎ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች።

ነርሷ የሟቿ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ታናሿን አዝላ ያሳደገቻት እሷ ነበረች፤ የእህቷ ባል አንቱ የሚላትም ለዚሁ ነው። ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል የሠራ ሰው ዓይን አላት፤ ቴርሞሜትር እንደምታነብ ሰውንም ታነባለች፣ አንብባም ዝም ትላለች። ከትናንት ጀምሮ መስታወት ቆራጩን ያስጨነቀው ያ ዝምታዋ ነበር።

ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። መርዶው በስልክ እንደደረሰው፣ ጎረቤት ሳይሰማ፣ ከምንም በፊት ያደረገው ነገር እሱን መገንጠል ነው። ሚስቱ የሞተችበት ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ወረቀት መሆኑን ሲያስበው ራሱን ጠላው፤ ግን መልሶ አልሰቀለውም። በመጨረሻው መስመር ላይ በሚስቱ ደቃቅ ጽሕፈት «የልብ ምርመራ» ይላል። ከጎኑ የተጻፈበት ቀን አለ። ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ሠላሳ ቀኑ የሚሞላበት፤ የፊታችን ማክሰኞ። ሚስቱ የሞተችው በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው።

ይህን ወረቀት ነርሷ ካየች አለቀለት። የፈራው ደግሞ ስድቡን ብቻ አልነበረም፤ ከስድቡ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ነበር። ገንዘቡ ነበራችሁ አይደል? ታዲያ ምን ያስጠብቃችሁ ነበር?

እንግዲህ ይህ ሰው ድሮ ስሙ «ወንፊት» ነበር። ሠፈሩ ነው ያወጣለት፤ ጥሩ አድርጎም አወጣለት። መስታወት ላይ እጁ ንቅንቅ የማይል፣ አንዴ ጭሮ ጠቅ ሲያደርገው በመስመሩ የሚሰነጠቅለት ባለሙያ ነው። ገንዘብ ላይ ሲደርስ ግን ያው እጅ ያፈሳል። የቤት ኪራይ ሊከፍል ወጥቶ የፑል ጠረጴዛ ግማሽ ድርሻ ገዝቶ ተመለሰ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሞተር ብስክሌት፤ ሞተር የሌለው። «ሞተሩ በኋላ ይገኛል» አለ። ሚስቱ ሳቀች። ጮኻበት ቢሆን ይሻለው ነበር። ስቃ ስታበቃ የጆሮ ጌጧን ሸጣ ኪራዩን ከፈለች፣ ከዚያ ወዲህም ሰው ዘንድ ስትሄድ ጆሮዋን በሻርፕ ትሸፍን ነበር።

እሷ በአንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነበር የምትሠራው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የጠረጴዛ ጨርቅ ስትተኩስ ኖረች። ክንዷ ላይ ካውያው ትቶባት የሄደ ጠባሳ በሽ ነው። እጅጌዋን ሰብስባ ትቆጥርለት ነበር፦ «ይቺ የሠርጋችን ሰሞን ናት፣ ሐሳቤ አንተ ጋ ሆኖ። ይቺ ፑሉን የገዛህ ዕለት። ይቺ ትልቋ ሞተር ብስክሌቱ።» እሱም «ቆዳሽ ላይ ታሪኬን ጻፍሽው» ይላት ነበር፤ ይስቃሉ። ፍቅራቸው እንዲህ ነበር፤ ባዶ ኪስ ይዞ የሚስቅ።

ከዓመት በላይ ሆነው፤ አንድ አሠልጣኝ መጣ። መጀመሪያ በስልክ ቪዲዮ፣ ቀጥሎ በአዳራሽ። ወጣት ነው፤ ካልሲ አያደርግም፤ አፉ ግን ማር ነው። ስምንት ቅዳሜ የሚፈጅ፣ የገንዘብ አመለካከትን የሚለውጥ ሥልጠና ተባለ። ባልና ሚስት አብረው ተመዘገቡ። ከተማሩት ሁሉ ሁለቱ ደንቦች ቤታቸው ገቡ። አንደኛው፣ ለክፉ ቀን የሚሆን የስድስት ወር ወጪ ባንክ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው የሠላሳ ቀኑ ደንብ ነው፤ ያላቀድከው ነገር አማረህ? ጻፈውና ማቀዝቀዣህ ላይ ለጥፈው። ሠላሳ ቀን ጠብቀህም ልብህ ካልተመለሰ ግዛው።

በስምንተኛው ቅዳሜ ወንፊት መድረክ ላይ ወጥቶ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበለት። ሰርተፊኬቱን ራሱ በቆረጠው መስታወት ገጥሞ ሳሎን ሰቀለው።

ሚስቱ ደንቡን የወደደችው ለቁጠባው ብላ አልነበረም። ከሥራ ሲመለሱ ማቀዝቀዣው ፊት ጎን ለጎን መቆማቸውን ነበር የወደደችው። «እስቲ መጋረጃው፣ አሁንም አምሮሻል?» «ኧረ ተወኝ፣ አስጠላኝ!» እየተባባሉ መሠረዛቸውን። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ የባንክ ደብተሩ የአምስት ወር ወጪ ያዘ። ሠፈሩም «ወንፊት» ማለቱን ተወ። ከሁሉም የጣፈጠው ይሄ ነው። ሰው ስሙ ሲለወጥ ራሱም የተለወጠ ይመስለዋል።

«እኔም እኮ ያን ሥልጠና ወስጃለሁ» አለ ጎረቤታቸው፣ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ነርሷ ወረቀቱን በጠየቀች ማግስት። ሰርተፊኬቱ ሥር ተቀምጦ ሻዩን እፍ እፍ ይላል። «ድሮም ቋጣሪ ነበርኩ። ሚስቴ ነፍሷን ይማርና 'የዚህ ሰውዬ ሳንቲም ፀሐይ አይታ አታውቅም' ትል ነበር። ስምንት ቅዳሜ ቋጣሪ ሆኜ ገባሁ፣ ቋጣሪ ሆኜ ወጣሁ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? አሁን ስሰስት 'ዕቅድ አለኝ' እላለሁ።»

ሳሎኑ ሳቁን አፉ ላይ አፈነ።

«ሰው አይለወጥም ነው የሚሉት ጋሼ?» አለች ነርሷ። ሻይ እየቀዳች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ሲባል አልሰማሽም? ግን ይኸው» አለ ሾፌሩ፣ ወደ መስታወት ቆራጩ በአገጩ እያመለከተ፣ «ይሄ ልጅ ተለውጧል። በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ማንንም ሳያስቸግር፣ በገዛ ገንዘቡ ነው ሚስቱን በክብር የቀበረው። ድሮ ቢሆን ይሄኔ ባርኔጣ አዙረን መዋጮ እንለቅም ነበር!»

«ልክ ነዎት» አለች ነርሷ። ብርጭቆው ሞልቶ ሻዩ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ። በጨርቅ ጠረገችው።

የሬሳ ሣጥኑን፣ መኪናውን፣ የመቃብር ቦታውን ሁሉ ከራሷ ቦርሳ የከፈለችው እሷ ነበረች። «ደብተሩን የት እንዳስቀመጠችው እንጃ...» ብሎ ሲንተባተብባት፣ «ተወው» ብላ ነው ነገሩን የዘጋችው። አሁን እሱ በሰው ፊት በዚያው ሲመሰገን ሰምታ «ልክ ነዎት» ትላለች። ምን አውቃለች? ካወቀችስ ምን እየጠበቀች ነው? አንጠልጥላ ከምትይዘው ይልቅ በጥፊ ብትለው በወደደ ነበር።

እሑድ አሠልጣኙ ከሃያ የሚበልጡ ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣ። ጥቁር ለብሷል፤ ዛሬስ ካልሲም አድርጓል። መስታወት ቆራጩን አቅፎ ከልቡ አለቀሰ፣ ይሄን መካድ ነውር ነው። ከዚያ እንባውን ጠርጎ ቆመ።

«ወገኖቼ፣ ሞት ለማንም አይቀርም። ግን ስንቱ ቤት ነው በሐዘኑ ላይ ውርደት የሚጨመርበት? ስንቱ ነው ሬሳ አስተኝቶ ብድር ሲያስስ የሚውለው? ይህን ቤት እዩ! ይህ ቤት ክፉ ቀኑን በራሱ እግር ቆሞ ነው የተቀበለው። ምክር ሰው ይለውጣል ወይ ለሚለኝ ሁሉ መልሴ ይህ ወንድሜ ነው።»

ሰው ራሱን ነቀነቀ። ነርሷ በሩ አጠገብ ፔርሙዙን አቅፋ ቆማ ነበር፤ ዓይኗን ከእህቷ ባል ላይ አላነሳችም።

ሲወጣ አሠልጣኙ በኮሪደሩ ጎተት አደረገው። «ማክሰኞ እንመለሳለን። አምስት ደቂቃ ብቻ፣ በስልክ እንቀርጽሃለን። ስለ እሷ ትናገራለህ፤ ደንባችን እንዴት እንዳሻገራችሁ። ለእሷም ማስታወሻ ይሆናታል።»

«ማክሰኞ?»

«ከሞተች ሰባተኛ ቀኗ አይደል?»

ሠላሳኛዋ ነው ሊለው ምንም አልቀረውም። «እሺ» አለ። ዕድሜ ልኩን ያከሰረችው ይቺ ቃል ናት፤ ደላላም ሲመጣ እሺ፣ መካሪም ሲመጣ እሺ።

ዞር ሲል ነርሷ ፎጣ እያጠፈች ከኋላው ቆማለች።

«ማክሰኞ ምን አለ?»

«ስለ እሷ እንድናገር ነው፣ እትዬ።»

«ተናገራ» አለች። «እኔም ልስማው።»

ያን ዕለት ከዚያ በኋላ የተቀመጠበት ወንበር ሁሉ ቆረቆረው። ሰው ሲያናግረው ይዘገያል፣ በሩ ሲንኳኳ ይደነግጣል። ኪሱን በእጁ ይዳብሳል፣ ወረቀቱ አለ፣ እጁን ያወርዳል፣ ተመልሶ ይዳብሳል። ወረቀቱማ ትንሹ ነው። ትልቁ ጉድ ደብተሩ ነበር፤ የአምስት ወር ወጪ የያዘው ያ ደብተር ባዶውን ነው።

ሚስቱ ክሊኒክ ከመሄዷ ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ደላላ ሱቁ መጣ። የተዘጋ ሆቴል፣ አርባ ትልልቅ መስታወት፣ በግማሽ ዋጋ፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ የለም። ድሮ ቢሆን «አማረኝ» ይል ነበር። አሁን ግን ተምሯላ፤ «ኢንቨስትመንት ነው» አለ። የተኛ ገንዘብ ብል ይበላዋል ተብሎ የለ? ማቀዝቀዣው ላይም አልጻፈውም፤ ኢንቨስትመንት እኮ ወጪ አይደለም። ሠላሳ ቀን ቀርቶ ሠላሳ ደቂቃ አልጠበቀም። መስታወቶቹ ሱቅ ደርሰው ማሸጊያቸው ሲፈታ ጀርባቸውን እርጥበት በልቶታል፤ ፊታቸው ላይ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ተረጭቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ባለሙያ ሆኖ! ለሌላ ሰው ቢሆን ከሩቅ አይቶ «አትንካው» የሚለውን ዕቃ ለራሱ ሲሆን ሳይከፍት ገዛው። ምኞት ሲይዘው ድሮም ዓይኑ ይጠፋል። ሥልጠናው የጨመረለት ነገር ቢኖር ለምኞቱ የክት ስም ማውጣት ብቻ ነው።

ከዚያ ምርመራው የተጻፈበት እሑድ መጣ። ሚስቱ ከክሊኒክ የተሰጣትን ወረቀት ይዛ ወጥ ቤት ገባች።

«ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይልብኛል አላልኩህም? ዶክተሩ ትልቁ ሆስፒታል ሄደሽ ልብሽን ታዪ አለኝ። ዋጋው የሁለት ወር ኪራይ ያህላል።» ትንሽ ቆየችና፣ «ከባንክ እናወጣ እንዴ?» አለችው።

ያኔ ቢናገር ኖሮ! «አጥፍቼዋለሁ፣ ይቅር በዪኝ» ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ግን ሰርተፊኬቱ አለ፣ ጭብጨባው አለ፣ የተተወለት ስም አለ። አፉ ቀደመው።

«ያው... ያልታቀደ ወጪ አይደል? እንደ ደንቡ ሠላሳ ቀን ብንጠብቅ... ደግሞ ሊተውሽም ይችላል።»

ሚስቱ አየችው። አስተያየቷ ረጅም ነበር። ከዚያ ፈገግ አለች፤ የሞተር ብስክሌቱ ዕለት የሳቀችው ሳቅ፣ ግን ድምፅ የሌለው።

«እሺ» አለች። «ደንብ ደንብ ነው።» እስክሪብቶ አንስታ ጻፈች። ሠላሳውን ቀን በጣቷ ቆጥራ ከጎኑ አሰፈረች።

ከዚያ ወዲያ እግሩ እስኪቀጥን ዞረ። ጸጉር ቤት፣ ልብስ ሰፊ ቤት፣ ምግብ ቤት፤ «ጥቁሯ ነጥብ አትታይም፣ ከፍ ካለ ቦታ ሲሰቀል» እያለ ለመነ። በሃያ ቀን ውስጥ አራት ሸጠ። ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ እየቆመች ስትተነፍስ ከውስጥ ሆኖ ይሰማታል። አንድ ደረጃ፣ ማረፍ። ሁለት ደረጃ፣ ማረፍ። ወጥቶ ደግፏት እንደመግባት ራዲዮኑን ከፍ ያደርግ ነበር። ሌላ ምን ይባላል? ፈሪ ነበር።

በሃያኛው ቀን እራት ላይ፣ «ገበያ እንዴት ነው? ሰው መስታወት ይገዛል?» አለችው። ስለ ገበያ ጠይቃው አታውቅም።

«ደህና ነው።»

«አይዞህ» አለች።

ለምን አይዞህ እንዳለችው ያኔ አልገባውም፤ ዛሬም አልገባውም። በሃያ ሦስተኛው ቀን ካውያዋ አንሶላ ላይ ቆሞ ቀረ። የሥራ ጓደኞቿን የጠራቸው የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ነው። እሷ ከጠረጴዛው ሥር ነበረች።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሳሎኑ መርፌ መጣያ አልነበረውም። ተማሪዎቹ መሬት ላይ ሳይቀር ተቀመጡ። አሠልጣኙ ስልኩን ማቆሚያ ላይ አስገጥሞ መስታወት ቆራጩን ሰርተፊኬቱ ሥር አስቀመጠው፤ ኮሌታውንም አስተካከለለት። ነርሷ ከወጥ ቤቱ በር ላይ እጇን እያደረቀች ቆመች። ልትሰማ እንደመጣች አልደበቀችም።

«ዘና በል። ከልብህ ብቻ ተናገር።»

ሲያጠናው ያደረውን ጀመረ። «ባለቤቴ... ቆጣቢ ነበረች። ደንብ አክባሪ ነበረች። እኛ ቤት...»

ፊት ለፊቱ አንዲት ነፍሰ ጡር ተማሪ ከባሏ ጋር ተቀምጣለች። ደብተር ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከአፉ የሚወጣውን ቃል ሁሉ ትጽፋለች። «ደንብ አክባሪ» ብላ ጻፈች፤ እስክሪብቶዋን አንስታም የሚቀጥለውን ጠበቀች።

«ስለ ክፉ ቀኑ ገንዘብ» አለ አሠልጣኙ በሹክሹክታ።

መስታወት ቆራጩ ሴትየዋን አየ፣ ከዚያ ባሏን አየ። ከዚህ በኋላ የሚዋሸው ውሸት ሌላ ቤት ገብቶ ሌላ ማቀዝቀዣ ላይ ሊለጠፍ ነው።

«አትጻፊ፣ እህቴ» አላት።

ሴትየዋ እስክሪብቶዋን ደብተሯ ላይ አጋደመች።

«ክፉ ቀን ያልነው ገንዘብ የለም። ደብተሩ ባዶ ነው። እርጥበት የበላው መስታወት ገዝቼበት ሱቄ ውስጥ ተደርድሯል። ሚስቴ 'ልቤን ልታይ' ስትለኝ ገንዘቡን አጥፍቼው ስለነበር ደንብ ጠቀስኩላት። ሠላሳ ቀን ጠብቂ አልኳት።» ወረቀቱን ከኪሱ አወጣው። «ሠላሳ ቀኗ ዛሬ ነው። ሰባተኛው ቅዳሜ ላይ 'ለሕመም ሠላሳ ቀን የለም' ተብለናል፤ ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ሳላውቅ አይደለም። አውቄ ነው። በገንዘቤ የቀበርኳትም እኔ አይደለሁም። ሣጥኑንም መቃብሩንም የከፈሉት እትዬ ናቸው።»

አሠልጣኙ ፊቱ አመድ መሰለ። «ይሄ... ይሄ ይቆረጣል» አለ ከስልኩ አጠገብ ለቆመው ልጅ። ከዚያ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠና ሌላ ሰው በሚመስል ድምፅ፣ «ብዬ ነበር እኮ» አለ። «ሰባተኛው ላይ ብዬ ነበር።»

«ብለዋል» አለ መስታወት ቆራጩ። «የእርስዎን ቃል ነው የወሰድኩት። አመሌን ለብቻው አስቀርቼ።»

ጡረተኛው ሾፌር «ምከረው ምከረው...» ብሎ ጀመረና ቀሪውን ዋጠው። ነፍሰ ጡሯ ሴት ደብተሯን ዘግታ ተነሳች፤ ባሏ ተከተላት። ከዚያ አንድ ሁለት እያሉ ተማሪዎቹ ወጡ። በር ላይ ጫማ የሚፈልግ ሰው ትርምስ ለጥቂት ጊዜ ተሰማ።

ወጥ ቤት ውስጥ ነርሷ እጇን ዘረጋች። «አምጣው።»

ወረቀቱን ሰጣት። ገልጣ አነበበችውና መልሳ አጠፈችው። ፊቷ ላይ ምንም ድንጋጤ አልነበረም።

«ያውቁ ነበር» አለ።

«የጻፈችው ዕለት ነው የነገረችኝ።»

«ደብተሩንስ?»

«ደብተሩን ከእኔ በፊት እሷ ናት ያወቀችው። ከክሊኒክ ስትመለስ 'ስንት እንዳለን ልይ' ብላ ባንክ ጎራ አለች። ባዶ መሆኑን ሰምታ አድራ፣ በማግስቱ ነው ወጥ ቤት ገብታ 'እናወጣ እንዴ' ያለችህ።»

መስታወት ቆራጩ የማቀዝቀዣውን ጠርዝ ያዘ።

«እሷም እኮ ሰባተኛው ቅዳሜ ላይ ነበረች» አለች ነርሷ። «ለሕመም ሠላሳ ቀን እንደሌለ ከአንተ እኩል ሰምታለች። 'እንዲነግረኝ በር ከፈትኩለት፣ አልገባም' አለችኝ። 'ሠላሳ ቀን ልስጠው። ወይ ሮጦ ይተካዋል፣ ወይ ደፍሮ ይነግረኛል። አሁን ባጋልጠው ወንፊት የሚሉት ሰውዬ ይመለስብኛል' አለችኝ።»

«ለእኔ ነበር?» አለ። «ሠላሳው ቀን ለእኔ ነበር?»

«ለአንተ ነበር።»

«እርስዎስ እትዬ? ምነው እምቢ አላሏትም?»

«እኔ?» የነርሷ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «ገንዘቡን በእጄ ይዤ ለመንኳት። 'ሠላሳው ቀን ከሞላ ከአንቺ እወስዳለሁ፣ ቃሌ ነው' አለች። ነርስ ነኝ። ልቧን በዚህ ጆሮዬ አዳምጫለሁ። እጇን ጎትቼ መውሰድ ሲገባኝ እሺ አልኳት። እኔም እሺ አልኩ።»

ቧንቧው ይንጠባጠብ ነበር።

«ሰባት ቀን ሙሉ ለምን ዝም አሉኝ?»

«እሷ የጠበቀችውን ነው የጠበቅኩት። ራስህ እንድትለው።» ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «አልከው። እሷ ሃያ ሦስት ቀን ጠብቃ ያልሰማችውን ለማታውቀው ሰው ሁሉ አልከው።»

ያኔ ነው ያለቀሰው። እስከዚያ ሲያለቅስ የከረመው ከፍርሃት ነበር፤ ይሄኛው ለእሷ ነው። ግድግዳው ላይ ግንባሩን አስደግፎ እንደ ሕፃን ተነፋረቀ። ነርሷ አልነካችውም፣ አልተወችውምም፤ እዚያው ቆማ ጠበቀችው።

«ይቅርታ፣ ካልተመቸ ልመለስ...» አለች አንዲት ሴት ከበሩ ላይ። የሚስቱ የሥራ ጓደኛ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመት ከጎኗ ቆማ የተኮሰች። በእጇ ሰፋ ያለ የወረቀት ቦርሳ ይዛለች። «ከሥራ ቦታ ቁም ሣጥኗ ውስጥ የነበረውን ነው ያመጣሁት። ነጠላ ጫማዋ፣ ማበጠሪያዋ...» ከሁሉ በላይ የተቀመጠውን አውጥታ ዘረጋችለት። በላስቲክ የተሸፈነ ነጭ የወንድ ሸሚዝ ነበር፤ ታጥፎ፣ ኮሌታው ቀጥ ብሎ። «ይሄ የእርስዎ መሰለኝ። የእኛ ካውያ በእንፋሎት ስለሆነ ልብስ ከቤት ይዛ ትመጣ ነበር። ያን ቀን ጠዋት፣ አንሶላው ሳይጀመር፣ መጀመሪያ የተኮሰችው እሱን ነው።»

በሁለት መዳፉ ከሥር ተቀበላት። እንደያዘው ወደ ሳሎን ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሸሚዙን ከነመዳፉ ጉልበቱ ላይ አሳረፈው።

ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። የቀሩት ጥቂት ሰዎች ምን እንደሚሉት ጨንቋቸው መሬት መሬት ያያሉ። መጀመሪያ የተነሳው ጡረተኛው ሾፌር ነው። እያነከሰ መጥቶ ከፊቱ ቆመና እጁን ዘረጋለት።

«እግዜር ያጽናህ፣ ልጄ።»

ከኋላው ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ተሰለፉ። መስታወት ቆራጩ የተዘረጋውን እጅ አየ፣ ከዚያ ሸሚዙን አየ። መዳፉን ከሥሩ አላወጣም።

«ይጨማደድብኛል፣ ጋሼ» አለ።

ሾፌሩ እጁን ቀስ ብሎ መለሰ። ከኋላው የተሰለፉትም መለሱ።